የእህቴ ሽፋሽፍት

የእህቴን ሽፋሽፍት አይቶ ዝም ያለ ሰው ካዛንቺስ ውስጥ አልነበረም። ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀለበስ ያለ፤ ዛሬ ሴቶች ፀጉር ቤት ገብተው የሚያስለጥፉት ዓይነት። እናቴ ደግሞ ከአራስነቷ ጀምሮ ኩል ትኩላት ስለነበር ዓይኗ ከሩቅ ይጣራል። ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ሁሉ ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ "ውይ ሽፋሽፍቷ ሲያምር! ከዓይን ያውጣት" ትላለች። ትንሽ ቆይታ የእህቴ ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ እንደሚል፣ እጇ እንደማይረጋ ስታስተውል ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ "አይ… እግዜር ያውቃል" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ትመልሳለች። እኔ ይህችን "እግዜር ያውቃል" የምትባል አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ አልወዳትም። እግዜር ማወቁን ማን ካደ? ጥያቄው እኛስ የምናውቀው መቼ ነው የሚለው ነበር።

እህቴ የተወለደችው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የምንኖረው ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አንድ ግቢ በምንጋራበት የቀበሌ ቤት ነበር። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቴ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት። እህት ትመጣልሻለች ስባል አብራኝ ሱዚ የምትዘል ልጅ ነበር የጠበቅሁት። የመጣችው ግን አንገቷ አልጸና ያለ፣ ስትተነፍስ ዳገት ሮጣ እንደወጣች ቡችላ የምታለከልክ ሕፃን ሆነች። ታለከልካለች፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ ትላለች፣ እናቴ በድንጋጤ ብድግ ስትል መልሳ ትጀምራለች። ዓይኗ እንደልቧ ስለማይታዘዝላት አንድ ነገር ማየት ስትፈልግ ጭንቅላቷን ወርወር አድርጋ ነው የምታየው። እኔ እንዲያ የምታደርገው ስታኮርፍ ነው ብዬ ስለማምን ብዙ ጊዜ መልሼ አኮርፌአታለሁ።

እኛ ግቢ ውስጥ ምርመራ ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አንዷ ጎረቤት "እርጉዝ ሆና ቀትር ላይ ወጥታ ነው" ስትል፣ ሌላዋ "ግግ ነው፣ ከድዷ ቶሎ ይውጣላት" ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሁለቱንም ሰምታ "ጠበል" ትላለች። ጠበል ሄድን፤ ግጉን አባቴ ከለከለ። እናቴ ከማንኛቸውም ጋር አትከራከርም። የሚባለውን ሁሉ ትሰማና ጥፋቱን ለራሷ ታደርገዋለች። እርጉዝ እያለች ስታዲየም ጋ ከታክሲ ስትወርድ አዳልጧት ነበር፤ እሱ ነው አለች። ሙሉ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ሥር ቆማ የጠመኔ ብናኝ ስባ ነበር፤ እሱ ነው አለች። አንድ ሰሞን እርጉዝ ሆኜ ስለ ጾምኩ ነው ስትል ከርማ፣ በሌላው ሰሞን ስላልጾምኩ ነው አለች። አባቴ "ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም እኮ" ሲላት ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

ነገሩን ያጸናችባት የአባቴ እህት ናት። አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት እንጂ። በክርስትናው ዕለት እህቴን ታቅፋ፣ ለግብዣው የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "መቼም በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" አለች። አባቴ አጠገቧ ነበር። ሰምቶ ጠላውን ጎንጨት አለና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። እናቴም ሰማች። "በኛ ዘር የለም" ማለት በማን ዘር አለ ማለት እንደሆነ ለአማርኛ መምህርት ማንም አይተረጉምላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ፣ ልጄን እንዲህ ያደረግኋት እኔ ነኝ፣ የቀረኝ በምን እንዳደረግኋት ማወቅ ብቻ ነው ብላ ኖረች።

እህቴ ግን የሰው ኀዘኔታ የሚያስጨንቃት ልጅ አልሆነችም። ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ቆመች፣ እኩዮቿ ትምህርት ቤት ሲገቡ እሷ ገና ግድግዳ ይዛ ትሄድ ነበር። ስትራመድ መርከብ ላይ ያለች ይመስል ወዲያና ወዲህ ትላለች። ንግግሯ ደግሞ ቀስ ያለ ነው፤ አንዷ ቃል ወጥታ ሁለተኛዋ እስክትከተል የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ሁሉም ዓረፍተ ነገሯን ይጨርስላታል። "እኔ… የምፈልገው…" ስትል አንዱ "ውሃ!"፣ ሌላው "ሽንት ቤት!" ይላል። እሷ የፈለገችው ሬዲዮኑ እንዲዘጋ ነው። ፊደል ያስቆጠረቻት እናቴ ናት፤ ለመቁጠር ዓመታት ፈጀባት፣ ከቆጠረች በኋላ ግን የታክሲ ታፔላ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የለቅሶ ጥሪ፣ ያገኘችውን ሁሉ ማንበብ ሆነ ሥራዋ። በር ላይ ተቀምጣ ከወያሎቹ ጋር "ስታ…ዲየም!" እያለች ስትጣራ እሷን ሰምቶ የቆመ መንገደኛ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አባቴ መስቀል አደባባይ ይወስዳት ነበር። መሄድ ሰውነቷን ያጠነክረዋል ስላሉት፣ ሯጮቹ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር በሚሮጡበት ሰዓት እሱ እጇን ይዞ ታችኛው መደዳ ላይ ያራምዳታል። ሯጮቹ ሲያልፉ "አይዞሽ!" ይሏታል። እሷ መልሱን አዘጋጅታ እስክታወጣው ልጆቹ ዞረው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ "አንተም… አይዞህ" የሚለው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። አንዱ ሯጭ እንዲህ ስትለው ሳቁ አሸንፎት ቆሞ አሠልጣኙ ፊሽካ እንደነፋበት አባቴ ሁልጊዜ ያወራ ነበር።

ከዚያ ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ አዲስ አበባ ገባና አንድ ሽማግሌ ሐኪም አስነሡልን። ውጤቱን ሊቀበል የሄደው አባቴ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅለው የኋለኛው የአንጎሏ ክፍል ሲፈጠር ቅርጹን እንዳልያዘ፣ በምስሉ ላይ መንጋጋ ጥርስ እንደሚመስልና ሐኪሞች በሽታውን የሚያውቁት በዚሁ ምልክት እንደሆነ አስረዱት። አባቴ ከዚህ ሁሉ አንዲቷን ቃል ይዞ መጣ። "አንጎሏ ውስጥ መንጋጋ ታየ" አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና፣ "ግግ ነው ብለዋችሁ አልነበር? ይኸው ወደ ላይ በቀለ!" አለች። አባቴ አላመናትም፤ ግን ምናልባት ብሎ መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰዳት። ጥርስ ሐኪሙ አንጎሏን ትቶ አፏን ከፍቶ አየና አንድ የተበላ መንጋጋ አግኝቶ ሞላላት። እህቴ ለሳምንታት ሲያማት የከረመ ጥርስ ስለተሻላት ያን የመንጋጋ ምርመራ እስከ ዛሬ ታመሰግናለች።

ይህ ሁሉ እያለፈ፣ ግንባታው ሰፈሩን ከዳር እየበላ፣ ባቡሩ በስታዲየም በኩል ማለፍ ጀመረ፤ እህቴም ትልቅ ሴት ሆነች። በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት የነርቭ ሐኪም አገኘን። ይህችኛዋ መጀመሪያ የእህቴን ኩላሊትና ዓይን አስመረመረች፤ እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ሰው ኩላሊቱ ዝም ብሎ ሊደክም ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል አለች። ቀጥሎ ከእህቴ፣ ከእናቴና ከአባቴ ደም አስወስዳ ወደ ውጭ አገር አስላከች። ወራት አለፉ። ውጤቱ መጣ ተብሎ ሲደወል አባቴ ለቅሶ ሄዶ ነበር፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እናቴ እህቴን ይዛ ሄደች።

ማታ ስገባ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። "ታወቀ" አለችኝ። "በቃ ታወቀ። ኩል ነው።"

"የምን ኩል?"

"የሽፋሽፍት በሽታ ነው አለችኝ። ከኔ ኩል ነው። ዶክተሯ ናት ያለችው፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳየው ግን ተመለሰ። እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ወደ እኔ ወርወር አድርጋ "እ…" ብላ ስትጀምር እናቴ "እሷም ሰምታለች፣ ደንግጣ ነው" ብላ ጨረሰችላት።

እናቴ በማግሥቱ ኩሏን ከነመኳያው ጣለች። የኔንም ጣለች። ጎረቤት ልታገባ የተዘጋጀች ልጅ ልትኳል ስትል እቤቷ ድረስ ሄዳ ተቆጣቻት። እኔ ጉዳዩን እዘጋለሁ ብዬ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ "ኩል" እና "አንጎል" እያልኩ ብፈልግ፣ አንዳንድ ኩል ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት እንዳለ፣ እርሳስም የሕፃናትን አንጎል እንደሚጎዳ አነበብኩ። ላሾፍበት የገባሁት ነገር እውነት ሆኖ ሊወጣ ነው እንዴ? ለእናቴ አልነገርኳትም። ፈራሁ፤ እሷን ሳይሆን ልክ ልትሆን መቻሏን ፈራሁ። እቤታችን ያ ሰሞን ሰው እንደወጣበት ቤት ሆነ። እናቴ እህቴን ስታበላ ዓይኗን አታያትም። አባቴም፣ እንደ ልማዱ፣ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

ሐኪሟ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሁላችሁም ኑ፣ ዝርዝሩን ያኔ አስረዳችኋለሁ ብላ ነበርና አራታችንም ሄድን። እናቴ ፍርድ ቤት እንደሚገባ ሰው ነጭ በነጭ ለብሳለች። ሐኪሟ ፈጣን የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ቃላቱን እየዋጠች ነው የምታወራው።

"ሲሊያ የሚባል ነገር አለ" አለች። "ቃሉ ድሮ በላቲን ሽፋሽፍት ማለት ስለሆነ ነው ባለፈው እንደዚያ ያልኩት። የዓይናችንን ሽፋሽፍት አይደለም፤ ማለቴ፣ በአብዛኛው የሰውነታችን ሕዋስ ላይ አንዲት በዓይን የማትታይ ፀጉር አለች። በቃ እንደ አንቴና በሏት።"

አንቴና ሲባል አባቴ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ "አሁንስ መጣ?" እያለ አንቴና ያላዞረ የአዲስ አበባ አባወራ የለም።

"ልጅ በማህፀን አንጎሉ ሲሠራ" አለች ሐኪሟ፣ "ሕዋሶቹ የት እንደሚቆሙ፣ ወዴት እንደሚያድጉ መልእክት ይመጣላቸዋል። አንቴናዋ ከተበላሸች መልእክቱ በትክክል አይደርስም። ምክንያቱም የሚገባው በዚያች ሽፋሽፍት በኩል ነው።"

"ይኸው!" ብላ እናቴ ተነሣች። "ሰማችሁ? ኩል!"

ሐኪሟ አፏን ከፍታ ቀረች። "ምን ኩል?"

እናቴ እንግዲህ ወጣላት። ከአራስነቷ ጀምሮ እንደኳለቻት፣ የምትኩላት ዓይኗ ስላማራት እንጂ ክፉ አስባ እንዳልሆነ፣ ባለፈው እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ "የሽፋሽፍት በሽታ ነው፤ ከእናትም ኩል ነው" እንደተባለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነገረቻት። ሐኪሟ ስታዳምጥ ቆይታ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"እማማ፣ እኔ ያልኩት ካባትም ከናትም እኩል ነው! እኩል! ኩሉን ለሕፃን ባያደርጉት ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ እርሳስ አለበት፤ ይሄ በሽታ ግን ከኩል ጋር አይተዋወቅም። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ባይኳሉም ልጅዎ እንዲህ ሆና ነበር የምትወለደው።"

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የሰው ደብተር ላይ የፊደል ግድፈት በቀይ ስታሰምር የኖረች ሴት ናት። "እ" አለች ለራሷ። "እ ናት የጠፋችብኝ።"

"አዎ፣ አንድ ፊደል" አለች ሐኪሟ፣ ነገሩ ደስ ብሏት። "የልጅዎም ነገር እንደዚሁ ነው። ይህችን አንቴና እንዴት እንደምትሠራ የሚናገር ጽሑፍ አለ፣ ዘረ መል የምንለው። አንድ ቅጂ ከእናት፣ አንድ ቅጂ ከአባት እንወስዳለን። በአንዱ ቅጂ ግድፈት ቢኖር ሰውነት ሌላውን አንብቦ ይሠራል፤ ለዚህ ነው እናንተ ሁለታችሁም ጤነኛ የሆናችሁት። ለሷ ግን የደረሷት ሁለቱም ግድፈት ያለባቸው ናቸው። ማንም ያደረገው ነገር አይደለም። መውደቅ አይደለም፣ ጾም አይደለም።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዶክተር፣ እኛ እኮ ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነው የተጋባነው። የኔም የሷም አገር ወሎ ስለሆነ ሽማግሎቹ ወንዝ ለወንዝ ሳይቀር ቆጥረዋል። ዘመድ አይደለንም።"

"ቆጠራው ጥሩ ነው፣ አይተዉት" አለች። "ግን ግድፈቱ ዝም ብሎ ከሰባት ቤትም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ጭራሽ የማይዛመዱ ሰዎችም ላይ ይገጥማል።"

"ስለዚህ በኛም ዘር አለ ማለት ነው።"

"በእርስዎም አለ።"

አባቴ እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "ይህንን ለእህቴ የምነግራት እኔ ነኝ" አለ። "ያኔ በክርስትናው ቀን መናገር ነበረብኝ።" እናቴ ወንበሯን ወደሱ ጠጋ አደረገች። እኔ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ለስንት ዘመን ነው ይህች ሴት ለሁለት የሚሆነውን ብቻዋን የተሸከመችው?

ድንገት እናቴ ወደ እህቴ ዞረች። "አንቺ፣ ባለፈው አብረሽኝ ነበርሽ እኮ! እኩል ስትል ሰምተሽ ነበር?"

"አዎ" አለች እህቴ።

"ታዲያ ስቃጠል ስከርም ለምን አልነገርሽኝም?"

ሦስታችንም መልሱን ልንጨርስላት አፋችንን ከፈትን። ሐኪሟ እጇን አንሥታ ከለከለችን። ጠበቅን። ውጭ ያለው ወረፋ ይሰማል።

"ማን… ጠየቀኝ?" አለች እህቴ።

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናቴ የእህቴን የማይረጉ እጆች ሰብስባ ያዘች። አሁን ልትጠይቃት የምትችለው ብዙ ነገር ነበር፤ እሷ ግን አክስቴ ያን ቃል ከተናገረችበት ቀን ጀምሮ ልጠይቅ ብላ የፈራችውን አወጣችው።

"እሺ፣ ይኸው ልጠይቅሽ። በኔ አዝነሽብኝ ታውቂያለሽ?"

እህቴ አሰበች። ስታስብ ጊዜዋን ትወስዳለች፤ በዚያ ቀን ማንም አላቻኮላትም።

"አዎ" አለች በመጨረሻ። "ፀጉሬን… ስትሠሪኝ… ታጠብቂዋለሽ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ… የለም።"